ከፊልሙ ያስወጣኋቸው

ምላሷን ያወጣችውን ልጅ "ቁረጣት" ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ መጀመሪያ ስጠየቅ በሚሊየን ላይ ስላሳበብኩ ነው።

እዚህ ዴንቨር አጠገብ ግሌንዴል፣ ከእኔ በር ፊት ለፊት ሚስ ሬጂና የሚባሉ አይሁዳዊት ይኖራሉ። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ቁመታቸው ትከሻዬ ላይ ነው የሚደርሰው፣ ድምፃቸው ግን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። የኢንሹራንስ ሰዎች በስልክ ሲያመላልሱኝ ሚስ ሬጂና ስልኩን ከእጄ ይቀበሉና በዚያ በጸሐፊ ድምፃቸው ሦስት ነገር ይናገራሉ፤ አራተኛ አያስፈልግም። እኔ ደግሞ የመድኃኒታቸውን ብልቃጥ አነብላቸዋለሁ። ዓይናቸው መሀሉ ደክሟል። ዳር ዳሩን ያያሉ፣ የሰው ፊት ግን እንደ ጉም ነው የሚሆንባቸው። እኔን የሚያውቁኝ በአረማመዴ ነው። "ዘርፊ፣ እንደተጫነ አውቶቡስ ነው የምትሄጂው" ይሉኛል። ዘርፈሽዋል ማለት አልሆነላቸውም፣ እኔም አላስቸገርኳቸውም።

እኔ ዴንቨር መሀል ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። ረቡዕ እረፍቴ ነው። ረቡዕ ረቡዕ በእኔ መኪና ገበያ እንሄዳለን። ባለፈው የጸደይ ወር አንዱን ረቡዕ፣ ገበያውን ትተው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የድሮ የቪዲዮ ካሴት ነው።

"ይሄ የእናቴ ከተማ ነው" አሉኝ። "ግሮድኖ፣ ያኔ ፖላንድ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የእናታቸው አጎት ሳንባቸውን ታመው፣ ያኔ እንደሚደረገው፣ ለአየሩ ብለው ዴንቨር መጡ። ዳኑ። ኮልፋክስ ላይ ባርኔጣ ይሸጡ ጀመር። በፈረንጆቹ 1937 ካሜራ ይዘው ዘመድ ጥየቃ ተመለሱና አሥራ አንድ ደቂቃ ቀረፁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጦርነቱ መጣ። ከዚያ ሁሉ ቤተሰብ የተረፉት የሚስ ሬጂና እናት ብቻ ናቸው። የፊልሙ ጥቅል ምድር ቤት ውኃ ገብቶበት በስብሷል፤ ደግነቱ ቀድሞ ካሴት ላይ ተገልብጦ ነበር። አሁን ሊዮራ የምትባል የኒውዮርክ ልጅ በዚያች ከተማ ስለነበረው የአይሁድ ኑሮ ዶክመንተሪ እየሠራች ነው። "እንዴት እንደሞቱ ብዙ ተሠርቷል፤ እኔ የምፈልገው እንዴት ይኖሩ እንደነበር ነው" ብላ ካሴቱን በፖስታ እንዲልኩላት ለምናለች።

"በሳጥን አሽጌ ለማላውቀው ሰው አልልክም" አሉ ሚስ ሬጂና።

"የምን መላክ! እኛ ሰው አለን" አልኩ።

ይህቺን ቃል የእኛ ሰው ያውቃታል። ለመኪና ሰው አለን፣ ለጥርስ ሰው አለን፣ ለቪዲዮ ሚሊየን አለ።

ሚሊየን አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ ከዴንቨር ጎን ኦሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ክፍል ያለው ልጅ ነው። በአዘቦት ቀን ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል፤ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ይቀርፃል። ክርስቲያኑም እስላሙም ሲያገባ በእሱ ካሜራ ነው የሚያልፈው። ሙያው ደግሞ መቅረፁ አይደለም፣ ማጽዳቱ ነው። የእኛን ሰርግ ታውቁታላችሁ። ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ አንዱ መሀል ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል፤ ሕፃናቱ ለካሜራው እጅ ያወዛውዛሉ፤ አንድ አጎት ሌንሱን ሦስት ጊዜ ሰላም ይላል። ሚሊየን እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ እያወጣ "ጥልቅ ብዬ" የሚል ፎልደር ውስጥ ይጥላቸዋል። የማይደመስሳቸው ከደግነት አይደለም። የተቆረጠ ሰው ሁልጊዜ ደውሎ "እኔ የታለሁ?" ይላል፤ ያኔ ቁራጩን ይልክለታል።

ካሴቱን ይዤለት ሄድኩ። ከጠረጴዛ ሥር አሮጌ የቪዲዮ ዴክ አወጣና ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘው።

"እትዬ ዘርፌ፣ ይሄ ሰርግ ነው ለቅሶ?"

"አንዱም አይደለም። የጎረቤቴ ዘመዶች ናቸው። አሳምርላቸው።"

"ድምፅ የለውም እኮ።"

"የድሮ ነዋ! አንተ ደግሞ።"

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ነው። ጢማም ሽማግሌ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ሴቶች ሽርጥ አድርገው ሳህን ያቀብላሉ። ጨዋ ቤት ነው። ከዚያ አጎትየው ካሜራውን ይዘው መንገድ ወጡ፣ ሰፈሩም ተግተልትሎ መጣ። አንዱ ፊቱን ሌንሱ ላይ ይለጥፋል፣ ሌላው ከኋላ ይዘላል። ልክ የእኛ ሰፈር።

"እነዚህስ?" አለ ሚሊየን። "ዘመዶቿ ናቸው?"

ጠየቀኝ። ልብ በሉ፣ ጠይቆኛል።

"የምን ዘመድ፣ መንገደኛ ነው። ሁሉንም ካት አድርግልኝ። እሳቸው ዓይናቸው ደካማ ነው፤ በነዚህ ሳይደናገሩ ወገናቸውን ይዩ።"

ከዚያ ፊልሙን አንዴ ከዳር እስከ ዳር እያሳየኝ "ይሄስ?" ሲለኝ፣ እኔ "አውጣው" እያልኩ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ቃል እወረውር ጀመር። እሱ ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ እኔ ባሰብኝ። በርሜል የሚያንከባልል ወፍራም ሰውዬ ብቅ ሲል "የቱ ነው የሚንከባለለው፣ በርሜሉ ነው ሆዱ?" አልኩ፤ ሚሊየን ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ። ሳቅ የሞላበት ቀን ነበር ያሳለፍነው። ስጨርስ ዴኩ ካሴቱን በላው። ክሩ ተጨማዶና ተበጥሶ ወጣ።

"ግድ የለም፣ ኮፒ አድርጌዋለሁ" አለ ሚሊየን።

ከሳምንት በኋላ ፍላሹን ሰጠኝ። ሊዮራም ከኒውዮርክ መጥታ ነበርና ሚስ ሬጂና ሳሎን ሦስታችን ተቀመጥን። ሊዮራ ኮምፒዩተሯን ከፈተች። ክራር ጀመረ። አዎ፣ ክራር። ሽማግሌው ዳቦ ሲቆርሱ በቀስታ፣ ስሎ ሞሽን ተደርገው፣ ዙሪያቸውን በልብ ቅርጽ ተከበቡ። በአራት ደቂቃ አለቀ።

"መንገዱስ?" አሉ ሚስ ሬጂና። አገጫቸውን ወደ ጎን አዙረው በዓይናቸው ዳር ያዩ ነበር። "ጎልዳስ?"

"ጎልዳ ማን ናት?" አልኩ።

"የእናቴ ታናሽ እህት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ። መንገድ ላይ በርሜል የሚያንከባልል ሰው አለ፤ ከእሱ ቀጥላ የምትመጣው እሷ ናት። ሌላ ፎቶ የላትም። የትም።"

ሊዮራ ቀስ ብላ "እኔ የመጣሁት ለመንገዱ ሰዎች ነው" አለች።

አፌ ወዲያው ሥራውን ጀመረ። "ሚሊየን ነው" አልኩ። "ሳይጠይቀኝ!" ደግሞ በዚህ ሳላበቃ ስልክ አውጥቼ ደወልኩለት፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት፣ በእንግሊዝኛ፦ "ሚሊየን፣ ምነው ሳትጠይቀኝ የመንገዱን ሰዎች አወጣሃቸው?"

ኤርፖርት መንገድ ላይ መሆኑ በመኪናው ድምፅ ይታወቃል።

"ይቅርታ፣ ማም" አለ ለሚስ ሬጂና። "የኔ ጥፋት ነው።" ከዚያ በአማርኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ "እትዬ ዘርፌ፣ ካሴቱ እንደተበላስ ነግረሻቸዋል?"

አልነገርኳቸውም ነበር፤ የግዴን ነገርኳቸው። ዋናውንም ኮፒ ሚሊየን ለቅዳሜ ሰርግ ኮምፒዩተሩ ላይ ቦታ ሲያጣ ዲሊት አድርጎታል። የቀረው ያ ጥልቅ ብዬ የሚባለው ፎልደር ብቻ ነው።

እሁድ ከሰዓት ሁለቱን ይዤ ቻምበርስ ሮድ ሄድኩ። ሚሊየን ክፍሉን ጠርጎ፣ ሦስት ወንበር ደርድሮ፣ እንደ ሽምግልና ቀን ሸሚዙን ተኩሶ ጠበቀን። እኔን ሰላም ሲለኝ ዓይኔን አላየም።

ፎልደሩን ከፈተው። መጀመሪያ የመጣው ጋቢ ለብሶ እስክስታ የሚመታ ሰው ነው።

"ይሄ ግሮድኖ ነው?" አለች ሊዮራ።

"ይሄ ኦሮራ ነው" አለ ሚሊየን አፍሮ።

ከሚዜና ከሕፃን መሀል የግሮድኖን ሰዎች ለቀምን። አርባ ሰባት ቁራጭ ሆኑ። ሰኮንድ፣ ሁለት ሰኮንድ። ግን ተራ የላቸውም። ሚሊየን በኋላ ብቻውን ሲቆርጥ ዓይኑ እንዳረፈበት፣ ከፊትም ከኋላም ነው የቆረጠው። በዚያ ላይ ምላስ የሚያወጡ ልጆች ሦስት ሆነው ተገኙ። አንዷ ስትጀምር ሌሎቹ ተከትለዋታል።

ሚስ ሬጂና አፍንጫቸው የኮምፒዩተሩን መስታወት እስኪነካ ተጠጉ። ወደ ቀኝ ዞሩ፣ ወደ ግራ ዞሩ።

"ፊቷን አላውቀውም" አሉ። "ድሮም ተራዋን ነው የማውቀው። በርሜሉ፣ ከዚያ ጎልዳ። ፊልሙን ስናይ እናቴ እዚያ ላይ ስሟን ትጠራዋለች።"

ሊዮራ እጃቸውን ያዘች። "ሦስቱንም እናሳያለን። ስም ሳንጽፍ።"

"እናቴ ስሟን ሳትጠራ አልፋ አታውቅም" አሉ ሚስ ሬጂና። አልጮኹም። የጸሐፊዋ ድምፅ የለም። እኔ እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳላቸውም አላውቅም ነበር።

ሚሊየን ማውሱን ይዞ ያየዋል። ቢያጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "እሱ ጠይቆኛል። ዘመድ አይደሉም፣ አውጣቸው ያልኩት እኔ ነኝ። በስልክም የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

ሚስ ሬጂና ወደ ድምፄ ዞሩ።

"እንግዲያው አይተሻቸዋል" አሉ። "በተራ?"

"በተራ።"

"ንገሪኛ።"

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። እኔ የሰው ፊት አልይዝም። ሆቴል ውስጥ አብራኝ ሦስት ዓመት የሠራችን ሴት ገበያ ውስጥ አልፌያት ሄጃለሁ። የምይዘው የተናገርኩትን ነው፤ በተለይ ሰው ከሳቀልኝ። የእነዚያን ሰዎች ተራ ማግኛው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፦ ያን ቀን ያሾፍኩትን ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በዘመዳቸው ፊት መድገም። ሊዮራ የድምፅ መቅጃዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"መጀመሪያ ዳቦ ቤት በር ላይ ዱቄት በዱቄት የሆነ ሰው አለ" አልኩ። "እና... ጥሩ ሰው ይመስላል አልኩ።"

"እትዬ ዘርፌ" አለ ሚሊየን በአማርኛ። "እንደዛ አይደለም ያልሽው።"

"ዝም በል አንተ።"

"ተራው ይጠፋል እኮ።"

እውነቱን ነው። ዋጥ አድርጌ ተናገርኩ። "ይሄ ዳቦ ሊሸጥ ነው የወጣው፣ ወይስ ራሱ ሊጋገር? ነው ያልኩት።" እንግሊዝኛዬ ያልደረሰበትን ሚሊየን ሞላልኝ፤ አንድም ሳያስቀር። ያስቀየምኩትን ያህል አካካሰ መሰለኝ። ዳቦ ጋጋሪው ቦታውን ያዘ። ቀጥሎ እጃቸውን እያወናጨፉ የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች፣ "ታክሲ ተራ ላይ ናቸው" ያልኳቸው። ቀጥሎ አፍንጫው ድረስ ባርኔጣ ያጠለቀው፣ "ከአጎትየው ሱቅ ሳይለካ የገዛ" ያልኩት። ሊዮራ አንዴ ሳቀችና አፏን ያዘች። ያን ዕለት ሰዎቹ መንገደኛ ነበሩ። አሁን እያንዳንዳቸው ሰው እየሆኑ ነው የሚመጡት፤ እኔ ደግሞ እንደገና እየሰደብኳቸው።

"በርሜሉ" አሉ ሚስ ሬጂና።

የበርሜሉን ሆድ ተናገርኩ።

"ቀጥሎስ?"

"ቀጥሎ ልጅቷ። ምላሷን አወጣች። 'ቅጣት የማታውቅ' አልኩ። ከዚያ..." ቆምኩ። አሁን ሲገባኝ ያቺ ልጅ እናት አላት፤ እናቷም የሚስ ሬጂና አያት ናቸው። "ከዚያ የእናቷን ስም አነሳሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። 'ሹሩባዋን እይማ፣ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ ነው። እናቷን መሀል ላይ ወሬ ጠርቷት ትታት ሄዳለች' አልኩ።"

"ግማሹ ምን?"

"ሹሩባዋ። በአንድ በኩል ተጎንጉኗል። በሌላ በኩል ተለቋል።"

ሚሊየን ሦስቱን ልጆች ጎን ለጎን ከፈታቸው። የሁለቱ ፀጉር ተቆርጧል። የሦስተኛዋ በግራ በኩል ጉንጉን ነው፣ በቀኝ በኩል ነፋስ ይዞት ይበራል። ምላሷ አገጯ ድረስ ወጥቷል።

ሚስ ሬጂና ግን መስታወቱን አላዩም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የሻርፓቸውን ዘርፍ ይዘው ነበር።

"እናቴ እዚህ ቦታ ላይ ስትደርስ" አሉ፣ "ስሟን ትጠራና ጣቶቿ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። የብርድ ልብሱን ዘርፍ ይዛ፣ እንዲህ፣ እንዲህ። እስከ መጨረሻ ዕድሜዋ። እኔ በሽታ መስሎኝ ሐኪም ጋ ወስጃት ነበር።" ዘርፉን ሦስት ቦታ ከፍለው አንዱን በአንዱ ላይ አሳለፉት። "እየጎነጎነቻት ነበር። አጎቷ ካሜራ ይዞ ሲወጣ ልጅቷ ተነስታ ሮጠች።"

ሊዮራ እያለቀሰች ጻፈች፦ ጎልዳ።

እኔ እዚያ ላይ ብጨርስ ኖሮ ደስ ባለኝ። ግን ቁራጮቹ አላለቁም። ሚሊየን አንድ ሌላ ከፈተ፦ ጎንበስ ያሉ አሮጊት፣ በአንድ እጃቸው ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ በሌላው ዱላቸውን አንስተዋል።

"ይቺስ?" አለች ሊዮራ።

አስታወስኩ። ከሦስቱ ልጆች ቀጥሎ ነው የመጡት። ያልኩትንም አስታወስኩ። "ሞት የረሳት!" ነበር ያልኩት። አገራችን ለሽማግሌ ሰው የምንወረውራት ቃል ናት፤ ክፋትም የለባትም። ግን ግሮድኖ፣ በ1937፣ ያ ሁሉ ሰው የሚያልቅበት ጦርነት ሊመጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው...

"ይቺን አላስታውስም" አልኩ።

ሚሊየን አየኝ። እሱ ያስታውሳል፤ ያን ቀን ስቋል። ዝም አለ። ለሁለተኛ ጊዜ ተሸከመኝ። ሊዮራ አሮጊቷን የመንገዱ መጨረሻ፣ የውኃ ቧንቧ የሚታይበት ቁራጭ ጋ አስገባቻቸው።

ፊልሙ ኅዳር ላይ ዴንቨር ውስጥ በአይሁዶች አዳራሽ ታየ። ሚሊየን የሰርግ ሱፉን ለብሶ መጣ። ጥሩ ፊልም ነው። በወንዙ ላይ ጀልባ የሚቀዝፉ ጎረምሶች አሉ፤ ቁምጣቸው እስከ ጉልበት የሆነ ኳስ ተጫዋቾች አሉ፤ ትምህርት ቤት ቲያትር ሲሠሩ የጥጥ ጢም የለጠፉ ልጆች አሉ። ከዚያ የእኛ መንገድ መጣ። ዳቦ ጋጋሪው። ተከራካሪዎቹ። በርሜሉ። ጎልዳ ምላሷን ስታወጣና ስሟ ሲጻፍ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። እኔ ሚስ ሬጂና ጆሮ ላይ "አሁን ናት" አልኳቸው። ክንዴን ጨበጡት።

ቀጥሎ ልጆቹ ተበታትነው ሮጡ። ከምን እንደሚሸሹ አይታወቅም። የዓሣ ሻጭ ሱቅ፣ ጋሪ፣ ፈረስ አለፈ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ቧንቧው ጋ አሮጊቷ ብቻቸውን ወጡ፤ ዱላቸውን ባዶ መንገድ ላይ አነሱ። አእምሯቸው የተነካ ይመስላሉ። ከኋላዬ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ልጆቹን እየገሠጹ እንደነበር፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ የያዙትም ሳቃቸውን ለመደበቅ እንደሆነ፣ በዚያ አዳራሽ የምናውቀው እኔና ሚሊየን ብቻ ነን። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ኮሎራዶ ቡሌቫርድ ላይ መብራት ያዘን።

"ያቺ አሮጊት" አሉ ሚስ ሬጂና። "ዱላዋን በማን ላይ ነው ያነሳችው?"

"በልጆቹ" አልኩ። "ቦታቸው ከልጆቹ ኋላ ነው። አስታውሼ ነበር። ደበቅኩ።"

"ምን ብለሻት ነው?"

ነገርኳቸው። በእንግሊዝኛ ስትነገር ደግሞ ሳቅ የሌላት ቃል ናት። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላ ጡሩምባ ተነፋብኝ፣ ነዳሁ።

"ስንት ዓመት ይሆናታል?" አሉ ብዙ ከሄድን በኋላ።

"ሰባ አምስት ቢሆናቸው ነው።"

"ከእኔ ታንሳለች።"

ሌላ አልጨመሩም። ግሌንዴል ደርሰን መኪናውን ፓርክ ሳደርግ፣ "ነገ ለሊዮራ ደውይ" አሉኝ።

"እርስዎ ቢነግሯት አይሻልም? የእኔ እንግሊዝኛ..."

"አንቺ ደውይ።"

ደረጃውን ሲወጡ ክንዴን አልያዙም። ብረቱን ይዘው፣ እያንዳንዱን ደረጃ በእግራቸው እየፈለጉ ወጡ። እኔ ከኋላ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብዬ፣ ቢወድቁ ልይዛቸው እጄን ዘርግቼ ተከተልኩ። እጄን አላዩትም።

በማግሥቱ ጠዋት በሬን ከፍቼ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አወጣሁና ደወልኩ። የሚስ ሬጂና በር ገርበብ ብሏል። ሊዮራ ስታነሳ የአሮጊቷን ቦታ ነገርኳት። ደስ አላት፣ አሁንም ማስተካከል እንደሚቻል ነገረችኝ። ከዚያ ልጅቷ መጠየቅ ሥራዋ ነውና ጠየቀች።

"እርግጠኛ ነሽ? እንዴት አስታወስሽ?"

ከፊት ለፊት ባለው ቤት የወንበር ድምፅ ተሰማኝ፤ ወደ በሩ የተጠጋ ወንበር። ድምፄን ከፍ አደረግኩና ምን ብያቸው እንደነበር ተናገርኩ።